የአሮጌው ክፍል መስኮቶች

«የአየር ማቀዝቀዣውን አጥፉት» አለች ንያን፣ ገና በሩን ሳታልፍ።

ኮሪደሩ ላይ የቆሙት ነርሶች ተያዩ። አብዛኞቹ አያውቋትም። ከዋና ነርስነቷ ጡረታ ከወጣች ሦስት ዓመት አልፏል፤ ዛሬ ማለዳ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ዶክተር ካን ራሱ ደውሎ ነው ከገበያ የጠራት። ከቀይ ወንዝ ማዶ የመጣ አንድ ትኩሳተኛ ከሞተ ወዲህ፣ እሱን ያስታመሙ አራት ነርሶች በሦስት ቀን ውስጥ ተከታትለው ወደቁ። የአዲሱ ሕንፃ መስኮት የማይከፈት መስታወት ነው፤ የአንዱን ክፍል ትንፋሽ ማቀዝቀዣው ለሌላው ያድላል።

ንያን አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር አስለጥፋ ኮሪደሩን ለሁለት ከፈለችው፤ በአንዱ በኩል የገባ በሌላው ይወጣል። ጓንት የሚወልቅበትን ቦታ አሳየች። እጁን ሳይታጠብ መስመሩን ያለፈ ሐኪም በጣቷ ጠቅሳ መለሰች። እኩለ ቀን ሲቃረብ ግርግሩ ረገበ። አየሩ ግን ያው የታፈነ አየር ነው።

«አሮጌውን የሳንባ ሕሙማን ክፍል ክፈትልኝ» አለችው ካንን።

«አክስቴ ንያን» አላት፣ ዝምድና ባይኖራቸውም እንደ ድሮው እየጠራት፤ «እሱ እኮ የተሰበረ አልጋ ማጎሪያ ሆኗል። በሚቀጥለው ወር ይፈርሳል። ነገ ተቆጣጣሪዎች ከሃኖይ ይመጣሉ፤ በሽተኛ መጋዘን ውስጥ አስተኛ ቢሉኝስ?»

«ይበሉህ። ተለማማጅ ሳለህ እዚያ ግድግዳ ሥር ቆመህ ስታለቅስ ያየሁህ እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩብህም።»

ካን ሳያስበው ፈገግ አለ። ቁልፉን ሰጣት።

ክፍሉ ከግቢው ጫፍ፣ ሎንጋን ከሚባሉት የፍሬ ዛፎች ጀርባ ነበር። ሰው የሚያህሉት መስኮቶች ዝገው ስለነበር በትከሻዋ ገፋቻቸው። የኖራና የዝናብ ውሃ ሽታ ሲመጣባት ቆም አለች። ከሃያ ዓመት በፊት፣ እንዲህ ያለ ትኩሳት በገባበት ዘመን፣ ከአምስት ነርሶች ጋር ሠላሳ አንድ ቀን ተቆልፎባት የኖረችው እዚህ ነው። ፊታቸው ስለተሸፈነ በጫማቸው ይተዋወቁ ነበር። ጓደኛዋ ቱዊ የያኔውን ዳይሬክተር ሳል እያስመሰለች በሽተኞቹን ታስቃቸው ነበር። ንያን ያንን ጊዜ እንደምትናፍቅ ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም። ሰው የሞት ቀን ይናፍቃል እንዴ? እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር እንደዚያ ተቀራርባ አልኖረችም።

የመጀመሪያውን ትኩሳተኛ የማስታመም ተራ የንያን ነበር። ቱዊ ናት ስሟን ሰርዛ የራሷን የጻፈችው። «ሂጂና ልጅሽን አጥቢ፤ ነገ ትተኪኛለሽ» አለቻት። በማግስቱ ንያን ገባች፤ በሩም ተቆለፈ። ሳምንት ሳይሞላ ቱዊን ሳል ጀመራት። በሃያኛው ቀን ሞተች።

ከሰዓት በኋላ አራቱ ታማሚዎች በቃሬዛ ወደ አሮጌው ክፍል ተዛወሩ። ካን አብረዋቸው የሚቆለፍባቸውን የሦስት ነርሶች ስም ዝርዝር ይዞ መጣ። ሦስተኛዋ ማይ ትባላለች። ጋዋኗ ደረቷ ላይ በወተት ረጥቧል፤ በክንዷ ልትሸፍነው ትሞክራለች።

«ይሄን ስም ሰርዘህ የኔን ጻፍ» አለች ንያን።

«ዕድሜዎ ስድሳ ሦስት ነው፣ አክስቴ። ይሄ በሽታ ለትልቅ ሰው አይራራም።»

«ለነዚህ ለተኙት ልጆችስ መች ራራላቸው?»

«እትዬ፣ እኔ አልፈራሁም» አለች ማይ።

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። እኔም ያኔ አልፈራሁም ነበር።»

ካን የማይን ስም ሰረዘ። የንያንን ጻፈ።

ማምሻውን፣ በሩ ከተቆለፈ በኋላ፣ ካን በውጭ በኩል ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ምን እንደጎደለ ጠየቃት። ንያን ጓንት፣ ክሎሪን፣ ኦክስጅን እያለች ነገረችው። ሁለት ቀን ሙሉ እህል ያልቀመሰችው ሂየን፣ ከታማሚዎቹ በዕድሜ ትንሿ፣ ከኋላዋ በተቆራረጠ ትንፋሽ አንድ ነገር አለች። ንያን ጎንበስ ብላ ሰማቻትና ወደ መስኮቱ ተመለሰች።

«ጎምዛዛ የዓሣ ሾርባ ጨምርበት። አናናስ ያለው። እናቷ የሠራችው ይሁን ብላለች።»

«እናቷ የሚኖሩት ገጠር ነው፤ የሦስት ሰዓት መንገድ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ደውልላቸው።»

ካን ስልኩን አውጥቶ እዚያው ዛፎቹ መሃል ቆመ። እሱ ለማያውቃት ለሂየን እናት ነገሩን ሲያስረዳ ንያን እየሰማች፣ የልጅቷን ትራስ ከፍ አደረገችላት።