እሸቴ የጻፈው ቃል

«ፍሎቲላ ምንድን ነው?» አለኝ ሊቀመንበሩ በላይነህ። የልጄን ደብዳቤ ይዤ ሰው መካከል ቆሜአለሁ።

ጊዜው ኅዳር ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ከገሳይ በላይ ያለው ገበሬ ማኅበራችን። ለብሔራዊ ውትድርና ሰባት ልጆች አምጡ ስለተባለ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። በእኛ ማኅበር አንድ ደንብ ነበረ። አንድ ልጁ የዘመተበት ቤት፣ ዘማቹ እስኪመለስ ድረስ ሁለተኛ ልጅ አይጠየቅም። ማስረጃው ከዘማቹ የመጣ ደብዳቤ ነው፤ ስብሰባ ላይ ይነበባል። የሁሉንም የሚያነበው ጸሐፊው ጌጡ ነው። ታላቁ ልጄ እሸቴ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነበር። ታናሹ ይርጋ አሥራ ስምንት ሞልቶት ስሙ ከሰባቱ አንዱ ሆኖ ተጽፏል። የእሸቴ ደብዳቤ ከተነበበ ይሰረዛል።

ጌጡ እጁን ሲዘረጋ አልሰጠሁትም። መሠረተ ትምህርት ሁለት ዙር ጨርሼ ነበርና «ራሴ አነበዋለሁ» አልሁ። ጌጡ የማያውቀውን ቃል እየዘለለ እንደሚያልፍ ኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ግን አስተማሪያችን አንድም ፊደል እንዳትዘሉ ያለችንን ይዤ፣ በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት።

«እናቴ ሆይ፣ እኔ ደኅና ነኝ። ያለሁበትን ቦታ መጻፍ አይፈቀድም። ፍሎቲላ ውስጥ ተመድቤአለሁ።»

በላይነህ ያን ጊዜ ነው ያስቆመኝ። «መልሺ እንጂ። ብርጌድ ነው? ሻለቃ ነው?»

«እንጃ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የመንግሥት ጦር ስሙ ይታወቃል። ይኼ የማን ስም ነው? ወንበዴም ለጭፍራው ስም ያወጣል።»

ከኋላ አያሌው የሚባል ጎረቤቴ «የከብት በሽታ ይመስላል» አለ። ሳቁብኝ።

በላይነህ አልሳቀም። «እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ። ቃሉን አስረጂ። ካልሆነ ይርጋ ይሄዳል፤ አንቺም የከዳ ልጅ እናት ተብለሽ ትጠየቂያለሽ።»

ስቀመጥ ዘነበች ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ነው የምንቀመጠው፤ አንድ እርሳስ ለሁለት ቆርጠን እንጽፋለን። ባሏ ሞቷል፤ ሙላቴ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት። አንድ ለእናቱ ነው ተብሎ አልተጻፈባትም።

«ወርቄ፣ ምን አንቀለቀለሽ?» አለችኝ። «ለጌጡ ብትሰጪው ምን ነበረበት?»

መሪጌታን ብጠይቃቸው «ግእዝ አይደለም» ብለው መለሱኝ። አስተማሪያችንም አላወቀችውም። ደብረ ታቦር አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ የሚለጥፍ መርሻ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ብዙ አገር አይቷል አለችኝ። በእግሬ ሄድሁ።

«ማን ላከሽ?» አለኝ መርሻ፣ ቀና ሳይል።

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ። እናት ነኝ።»

«እናት ሆና ሰላይ የሆነች አውቃለሁ። የጦር ነገር ጠይቂ ብሎ የላከሽ ማነው?»

ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ አኖርሁለት። «ትንሹ ልጄ ሊወሰድብኝ ነው። እባክዎ፣ ይህን አንድ ቃል ብቻ።»

አነበበው። ሁለት ጊዜ ያነበበው ይመስለኛል። ከዚያ የተነፈሰ ጎማ በሚፈትሽበት የውሃ ገንዳ ላይ አምስት የጠርሙስ ቆርኪ ጣለና በጣቱ አንድ ላይ ገፋቸው።

«ይኼ ሁሉ ተሰብስቦ ፍሎቲላ ይባላል። ትንንሽ የጦር ጀልባዎች ናቸው፣ አንድ አዛዥ ያላቸው። በጃንሆይ ዘመን ባሕር ኃይል ሳለሁ መምህሮቻችን ቃሉ የእስፓኝ ነው ይሉን ነበር። ፍሎታ ብዙ መርከብ ነው፤ ፍሎቲላ ትንሿ ፍሎታ። እኛ ትንሽ ለማለት ሌላ ቃል ከፊት እናስቀድማለን፤ እነሱ እዚያው ቃሉ ጭራ ላይ ይሰፉታል።»

«አንድ ጀልባስ?»

«አንድ ጀልባ ያው ጀልባ ነው። ብዙም ሆነው በየራሳቸው ከሄዱ ፍሎቲላ አይባሉም። የጣና ታንኳዎች ተከታትለው ቢመጡ ፍሎቲላ ናቸው እንዳትዪ። አብረው በአንድ ሰው ትእዛዝ መሄድ አለባቸው።»

«ታዲያ ልጄ ውሃ ላይ ነው?»

«ውሃ ላይ ነው።»

እሸቴ የርብን ወንዝ ሲሻገር የበሬ ጭራ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። መሬት ተቀመጥሁ።

«እዚህ አታልቅሺብኝ» አለ መርሻ። «ከባሕር ኃይል የወጣሁት በፍቅር አይደለም። ስሜን ብታነሺ አላውቅሽም እላለሁ። ሂጂ።»

ማታ ሳይረሳኝ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ቅዳሜ ተነሥቼ አነበብሁላቸው፤ ትርጉሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ለምን እንደሚባልና ለምን እንደማይባል። ማን ነገረሽ ሳይሉኝ ጌጡ ቀደመ።

«ልክ ናት። እኔም አውቀው ነበር።»

«ታውቀው ከነበር ያን ዕለት አፍህን ማን ያዘው?» አለው በላይነህ።

«አልጠየቁኝማ።»

በላይነህ ጌጡን ትቶ የሰባቱ ስም ያለበትን ወረቀት አነሣ። «ባሕር ኃይል የመንግሥት ነው። ይርጋ ይሰረዝ። ግን ሰባት ተብያለሁ፤ ስድስት ይዤ አልሄድም።» እስክሪብቶውን እንደያዘ ሰዉን አንድ በአንድ አየ። «የዘነበች ልጅ፣ ሙላቴ።»

ዘነበች ተነሣች። «አንድ ነው። አንድ ለእናቱ አይወሰድም ብላችሁኛል።»

«እሱ ቁጥሩ ሲሞላ ነው። አልሞላም።»

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ማንም ሴት ብድግ ብላ ሊቀመንበሩን ስትሞግት ያየ አልነበረም፤ እኔ ግን ሁለቴ ቆሜ ተናግሬ ነበር፣ ሦስተኛም እችል ነበር። አፌን ብከፍት የይርጋን ስም መልሶ ይጽፈዋል ብዬ ፈራሁ። ደብተሬን አጠፍሁ።

ዘነበች ወደ እኔ ዞረች። «አንብቢ እንጂ፣ ወርቅነሽ። አሁን ምነው ዝም አልሽ? ለኔም የሚሆን ቃል ከዚያ ደብተርሽ ላይ ፈልጊልኝ።»

አያሌው «ተይ፣ ዘነበች» አላት።

«አንተ ዝም በል። የከብት በሽታ ያልኸው የኔን ልጅ ወሰደው።»

እስኪበተኑ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ስወጣ ነጠላዬን ያዘችኝና ፊቴን አየችው። ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ለቀቀችኝ።

ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪና ገሳይ ድረስ መጥቶ ሰባቱን ጫነ። ሙላቴ ሄደ። ይርጋ ቀረ።