ጎማዋ መሬት ያልነካ አውሮፕላን

ሰው አፉን ዘግቶም ይዋሻል። እኔ እንደዚያ ነው የዋሸሁት።

ወንድሜ ሚክያስ ለመስቀል ከደቡብ አፍሪካ ሊመጣ ነው ተብሎ ቤቱ ሲታመስ፣ እናቴ ገነቴ እንቅልፍ አጣች። «ያን የሚያክል ብረት ሰው ጭኖ እንዴት ነው ሳይከሰከስ የሚወርደው?» ትለኛለች። እኔ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የምሠራ አናጢ ነኝ፤ ምን አውቃለሁ? «ቆይ፣ ሠርቼ አሳይሻለሁ» አልኳት።

ከዋንዛ ቁራጭ ጣት የምታክል አውሮፕላን ጠረብኩ። ክንፏን ከፕላስቲክ ጠርሙስ ቆረጥኩ፤ ጎማዋ ጥቁር ዶቃ ነው። ለአስፋልቱ እንጨት የማለሰልስበትን ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት ለጥፌ መሃሉን በነጭ ቀለም አሰመርኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አድርጌ፣ ልታርፍ ስትል በቀጭን ሽቦ ደግፌ አቆምኳት።

ሙጫው ሳይደርቅ ሚክያስ ደወለ። «ቲቶ፣ ሱቁን ዘረፉኝ። ዘንድሮ አልመጣም። ለእማ አንተ ንገራት፣ እኔ አልችልም» አለኝ።

ልነግራት ገባሁ። አውሮፕላኗን እንደያዝኩ ገባሁ፣ ጅል! እማ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። «ልጄ ቲቶ ነው በእጁ የሠራት፣ እዩልኝ!» ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ቤት የሚወራው ሚክያስ፣ ሚክያስ ነው። እኔን ስታወድስ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጣፈጠኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋውም ነገ አልኩ።

የኛ ሰፈር ሴቶች ዓመቱን ሙሉ የቅቤ ዕቁብ ይጥላሉ፤ «አታካና» የምንለው የመስቀል ምግብ በቡላና በወተት ብቻ አይሆንማ፣ ቅቤ ይፈልጋል። ዘንድሮ የበዓሉ ዕጣ የደረሳቸው ጉራጌዋ ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ ናቸው። አውሮፕላኗን አገላብጠው አዩና «ገነቴ፣ ልጅሽ እየመጣልሽ እኔ ልቅደም? ውሰጂው!» ብለው ቅቤውን በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ አመጡልን። ጉራጌ ሆኖ በመስቀል ቅቤ የሚለቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። ማፈሩን ግን አፈርኩ።

ዛሬ ዋዜማው ነው። እማ ቅቤውን ፈትታ ድስት ውስጥ ልትጨምር ስትል መደርደሪያው ላይ አውሮፕላኗን አየች። «ቲቶ፣ ጎማዋ እኮ መሬት አልነካም» አለችኝ እየሳቀች። «መቼ ነው የምታርፈው?»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «እማ፣ ሚክያስ አይመጣም። ከነገረኝ ሰነበተ። ደብቄሽ ነው።»

ምነው በጮኸች! በማማሰያው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው። ሱቁን ነው የዘረፉት።»

«ጌታ ይመስገን።» ቅቤውን መልሳ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። «ሳይመሽ ለብርቅዬ አድርስላት። ለምን መለሳችሁ ካለችህ፣ አንተው ንገራት።»

አውሮፕላኗን ላነሳት እጄን ስዘረጋ ከለከለችኝ። «ተዋት። እሷ ምን አጠፋች? እጅህ እኮ ጎበዝ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ድስቱ አዙራ።

ይኸው ቅቤውን ታቅፌ እትዬ ብርቅዬ በር ላይ ቆሜያለሁ። ውስጥ የክትፎ ሥጋ ይከተፋል፤ ቅቤ የለም ብለው እርስ በርስ እየተቀላለዱ ይስቃሉ። እስካሁን አላንኳኳሁም።