ረሳሁ በል

ባሌ «ሞት እንፍረድብህ ወይስ ዝርክርክ ሠራተኛ እንበልህ?» ቢሉት ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነው። በግምት አይደለም የምናገረው፤ ጠበቃው ፊት ሲመርጥ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

የእስር ቤቱ መጠየቂያ ክፍል ውስጥ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። ጠበቃው መንግሥት የመደበልን ነው። ወጣት ነው፣ ክራቫቱ ጠማማ ነው፣ ጭንቅላቱ ግን ይሠራል። ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረልን።

«ጋሼ፣ ሦስት መንገድ አለን። አንደኛው መካድ ነው። እኔ የሊፍቱን ማጥፊያ ቆልፌ ነበር፣ ማን እንደከፈተው አላውቅም ይላሉ። ግን የጓጉንቸሩ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ የተገኘውም እርስዎ አንገት ላይ ነው። ጓጉንቸሩ ደግሞ መሣሪያ ሣጥንዎ ውስጥ ተገኝቷል። ይህ መንገድ ቀጥታ ወደ ገመድ ይወስደናል። ሁለተኛው በንዴት ነው ያደረግኩት ማለት ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢፈረድብዎ እድለኛ ነዎት። ሦስተኛው ረሳሁ ማለት ነው። ቸልተኝነት ይባላል። ሁለት ዓመት፣ ቢበዛ ሦስት።»

«እኔ? ረሳሁ?» ባሌ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ሃያ ስድስት ዓመት ሊፍት ስጠግን አንድ ቀን ሳልቆልፍ ሰው ጉድጓድ አስገብቼ አውቃለሁ? ሂድና መሥሪያ ቤቱን ጠይቅ!»

ሙያው እንዲህ ነው። ሊፍቱ በሚወጣበት በሚወርድበት ጉድጓድ ሰው ከመግባቱ በፊት፣ ላይ ማሽን ክፍል ያለው ሠራተኛ ዋናውን ማጥፊያ ያጠፋል፤ ማንም መልሶ እንዳያበራው ጓጉንቸር ያደርግበታል፤ ቁልፉን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ታች ያለው ሰው ነፍስ እዚያች ቁልፍ ላይ ናት። የዚያን ቀን ታች የነበረው ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ባልደረባው ነው። ላይ የነበረው ባሌ ብቻውን ነው። ማሽኑ ተነሣ፣ ሊፍቱ ወረደ፣ ሰውዬው እዚያው ቀረ። ከሳምንት በፊት በሥራ ተራ አመዳደብ ተጣልተው፣ ባሌ ሠራተኛ ሁሉ እየሰማ «አንድ ቀን እኔው ነኝ የምቀብርህ» ብሎት ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ያችን ቃል ይዞ ሆን ብሎ ገደለው ይላል።

«ረሳሁ በልና ቤትህ ግባ!» አልኩት። «ማንን ልታስደስት ነው? ሊፍቱ ሐውልት ሊያቆምልህ ነው?»

«ቆልፌያለሁ፣ ሴትዮ። እጄ ያውቀዋል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ደሜ ፈላ። ደሜን ያፈላው ግን መዋሸቱ አልነበረም፤ አለመዋሸቱ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ቆልፏል፤ ከዚያ ሁሉ አንዱን አንሥቶ ለዚያ ቀን ሰጥቶታል። ሲቆልፍ ይታየዋል። ብረቱ ቀጭ ሲል ይሰማዋል።

ጠበቃውን ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዤ አስቆምኩትና ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገርኩት። ባሌ ይረሳል። ከጀመረው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጎ ደረጃውን ይወርዳል። እኔን በሟች እኅቱ ስም ይጠራኛል። ጡረታው ሁለት ዓመት ነበር የቀረው፤ ሥራው ከቀረ ሰውዬውም አብሮ የሚቀር መስሎኝ ገመናውን ሸፈንኩለት። በየጠዋቱ በብጫቂ ወረቀት «ማጥፊያውን ቆልፍ፣ ታች ሰው አለ» ብዬ እጽፍና ደረት ኪሱ ውስጥ እከትለታለሁ። እሱ ጨዋታ ይመስለዋል። «አለቃዬ ዛሬም ጻፈች?» እያለ ይስቃል።

«የዚያን ቀን ጠዋትስ?» አለኝ ጠበቃው።

«የዚያን ቀን ጠዋት በእኅቱ ስም ሲጠራኝ አኮረፍኩ። አልጻፍኩም።»

የጠበቃው ዓይን በራ። ዓይኑ መብራቱ አናደደኝ።

«እትዬ፣ ይህ አራተኛ መንገድ ነው፤ የረሱት በሕመም መሆኑ ከተረጋገጠ ቤታቸው ሊገቡ ይችላሉ። ሐኪም ይመረምራቸዋል። ወረቀቶቹ አሉ?»

«አሮጌ ጃኬቱ ኪስ ሙሉ።»

«እርስዎ ግን መመስከር አለብዎት። ዐቃቤ ሕጉ እያወቁ ለምን ሥራ ላኩት ብሎ ይጠይቅዎታል። የሟች ሚስትም እዚያው ቁጭ ብላ ትሰማለች።»

«ትስማ!» ብዬ ጮኽኩበት። ያልጮኽኩበት ሰው አልነበረም ያን ሰሞን። የተቆጣሁት ግን ራሴን ነበር።

ማክሰኞ ለባሌ ነገርነው። መጀመሪያ ሰደበኝ፤ «በቁሜ ልታሳብጂኝ ነው?» አለ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። አንድ በአንድ አነበባቸው። ጽሕፈቴን ያውቃል። በመጨረሻ ሁሉንም ሰብስቦ አስተካከላቸውና «እንግዲያው እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። «ረሳሁ በሉልኝ» አለና ጠበቃው በጻፈው ቃል ላይ ፈረመ። ቤቴ ገብቼ ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ችሎቱ በሳምንቱ ነበር። የሟች ሚስት ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ዐቃቤ ሕጉ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«እንደሚረሳ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቁ ላኩት?»

«ላክሁት።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ባሌ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ብድግ አለ።

«ውሸቷን ነው! እኔ ቆልፌያለሁ! እብድ ልታስብለኝ ነው ይህቺ ሴት!»

ዳኛዋ የተፈረመበትን ወረቀት አነሡ። «ባለፈው ሳምንት ረሳሁ ብለው ፈርመው የለም እንዴ?»

ወረቀቱን ሰጡት። ገልብጦ ጀርባውን አየ፣ መልሶ ፊቱን አየ። «ፊርማው የእኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ማነው ያስፈረመኝ?» ከዚያ ዞሮ አየኝ፤ ቤቱ ገብቶ ያገኘውን ሌባ እንደሚያይ ሰው ነው ያየኝ።

ወርጄ ስቀመጥ ጠበቃው ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «እትዬ፣ በጣም ጥሩ ሆነልን። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አናገኝም።»

በጥፊ ልለው እጄ ተነሣ። ግን ልክ ነበር። እጄን መልሼ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ባሌ አላቆመም። ጠባቂው ትከሻውን ይዞ ያስቀምጠዋል፣ እሱ ይነሣል። «ቆልፌያለሁ! እጄ ያውቀዋል!» ይላል። ዳኛዋ ይጽፋሉ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ጩኽ እለዋለሁ በሆዴ። ጩኽ፣ አንተ ግትር፤ ጩኽ፣ ቤትህ ትገባለህ።