የኢንጂነሩ ኑዛዜ

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም «ኢንጂነሩ» ይባላል። ተምሮ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ካቻቢቴ በቆዳ ቦርሳ ይዞ ስለሚዞር ነው።

ባለቤቴ ጫጩት አስፈልፍላ ትሸጣለች። ያን ዕለት ማሽኗ ውስጥ ሁለት መቶ እንቁላል ነበር፤ አሥራ ስምንተኛ ቀኑን የያዘ። ሦስት ቀን ከሞቀው ጫጩት፣ ከበረደው ግማት። ጠዋት የማሽኑ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

«ሬዲዮ ሠሪውን ጥራልኝ» አለችኝ። ሬዲዮ ሠሪው ከእኛ ሦስተኛው በር ላይ ነው፤ የብየዳ ካውያ ከጨበጠ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ኢንጂነሩ ቁርስ ሊበላ መጥቶ ነበር። «ያንን ሶኬት ጠጋኝ? እታለም፣ ይሄ እኮ ዲጂታል ነው!»

ቦርሳውን ዘረጋ። ስልኩ ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው ማሽን ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተ። ቋንቋው አይገባውም፤ ግን በየመሃሉ ራሱን እየነቀነቀ ይስማማል። ፈታ፣ ነካካ፣ ገጠመ። አራት ብሎን ተረፈው።

«ፋብሪካው አብዝቶት ነው» አለ።

ማሽኑ ብልጭታውን ተወ። ሁሉንም ነገር ተወ።

«አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለች ባለቤቴ፣ ብርድ ልብሳችንን ማሽኑ ላይ እየደረበች።

የመቆጣጠሪያውን ሳጥን ከነገመዱ ተሸክሜ ሬዲዮ ሠሪው ዘንድ ሮጥኩ። ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀኝም።

«ማን ከፈተው?»

«እኔ» አልኩ፣ ለቤተሰብ ክብር።

«አንተማ አምፖል የምትቀይረው እኔን አስጠርተህ ነው። የከፈተው ሰው ይምጣና ምን እንደነካ ይንገረኝ። እኔ ስፈልግ እንቁላሉ ይበርዳል።»

ተመልሼ ለኢንጂነሩ ነገርኩት።

«ለሱ ነው ቃል የምሰጠው? አላደርገውም፣ ጋሼ።»

ባለቤቴ አንድ እንቁላል አወጣችና ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። ውስጡ ጫር ጫር ይላል። «በል፣ ለዚህ ንገረው» አለችው።

ሄደ፤ ተከተልኩት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኞች ተቀምጠዋል፤ አንድ ቴሌቪዥን ይጮኻል።

«አንዲት ቀጭን ሽቦ ነበረች... ትርፍ መስላኝ...» አለ ኢንጂነሩ በለሆሳስ።

«አልሰማሁም» አለ ሬዲዮ ሠሪው። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ደንበኞቹ ዞሩ።

«ቆረጥኳት!»

«የሙቀት መለኪያዋን ነዋ!» ካውያውን አንስቶ ሽቦዋን በየዳት። ከዚያ ገመዱን ሰክቶ ጫፉን በአውራ ጣቱ ወዝወዝ ሲያደርገው መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። «የጠዋቱ ችግር ይሄ ብቻ ነበር። የገመዱ ሶኬት ላልቷል» አለና አጠበቀው። ቀጥሎ መዳፉን ዘረጋ። «ብሎኖቹስ?»

ኢንጂነሩ ከኪሱ አንድ በአንድ አወጣቸው።

በሃያ አንደኛው ቀን መቶ ሰባ አንድ ጫጩት ቤታችንን አደነቆረው። ኢንጂነሩ አንዷን በመዳፉ ይዞ በየጎረቤቱ እየዞረ፣ «ሽቦዋ መቆረጧን የደረስኩበት እኔ ነኝ» ይላል። ውሸት የለበትም። ከሱ ቀድሞ የደረሰባት አልነበረም።