በጡሩምባው አፍ ውስጥ

ነጎድጓድ አዲሱን የድምፅ ማጉያ አምፕ በትከሻው ተሸክሞ ወደ አማቱ ሳሎን ሲገባ ሎተሪ የደረሰው ሰው ይመስል ነበር። ከኋላው የተከተለችው ሚስቱ ግን በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ያቺን ሻማ ይጣሏት!» አለ አምፑን ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፍ። ጠረጴዛው አቃሰተ። «ማሽን ማለት ይኼ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስጨፍራል!»

«እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው» አሉ ሽማግሌው። «ማንን ላስጨፍርበት ነው? ወንበሮቹን?»

ነጎድጓድ ሰው ያወጣለት ስም ነው። ለአዳራሽና ለሜዳ የድምፅ መሣሪያ ያከራያል። ውሎው ጩኸት መሃል ስለሆነ ቤቱ ገብቶም እየጮኸ ነው የሚያወራው። በተረፈ ሆደ ቡቡ ሰው ነው። የአማቱ አምፕ ጭስ ተፍታ ዝም ማለቷን ከሰማ ጀምሮ እረፍት አጥቶ ነበር የሰነበተው።

ሻማ የሚላት እሷን ነው። ውስጧ እንደ አምፖል የሚግሉ ብርጭቆዎች ያሏት፣ ጉልበቷ ቢበዛ ሁለት ዋት የሆነ፣ በአንድ ክንድ የምትታቀፍ አሮጌ አምፕ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊልም አጫዋች ነበሩ። ሲኒማ ቤቱ ሲፈርስ ከመጋረጃው ጀርባ የፊልሙን ድምፅ ያወጡ የነበሩትን ሁለት ትልልቅ የእንጨት ጡሩምባዎች ለምነው ወሰዱ። ጡሩምባዎቹ ሳሎኑን ስለሞሉት ሶፋው ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ፤ እንግዳ ሲመጣ ዱካ ላይ ይቀመጣል። በእያንዳንዱ ጡሩምባ ጉሮሮ ውስጥ ከወረቀት የሳሳች ቆርቆሮ አለች። እሷ ትንሽ ስትንቀጠቀጥ የእንጨቱ አፍ ሰብስቦ ቤቱን ይሞላዋል። የነጎድጓድ የድምፅ ሳጥኖች ብዙ መቶ ዋት ውጠው ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። ለነዚህ ግን ሹክ ማለት ይበቃል።

ሽማግሌው አምፕ የሚፈትኑበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ከሲኒማ ቤቱ ጊዜ ጀምሮ፣ ሕዝቡ ሳይገባ፣ አምፑን አብርተው ወደ መጋረጃው ጀርባ ይሄዱና ጭንቅላታቸውን እስከ ትከሻቸው ጡሩምባው አፍ ውስጥ ይከታሉ። «ጥሩ አምፕ ማለት» ይላሉ፣ «እዚያ ውስጥ ሆነህ ይብራ ይጥፋ የማታውቀው ነው።» ሰው ይስቅባቸው ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን ሳይፈትኑ አላጫወቱም። በሁለት ዋት ደግሞ ማንም ተጎድቶ አያውቅም።

ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። ዛሬ ያስፈራት ይኼው ዘዴ ነበር። የአባቷ ግራ ጆሮ ሞቷል። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሐኪም ቤት የወሰደቻቸው እሷ ነበረች፤ ሐኪሙም ቀኝ ጆሯቸውን አይቶ፣ «ይቺንም በአንድ ኃይለኛ ድምፅ ሊያጧት ይችላሉ፤ ከጩኸት ይራቁ» ሲል ሰምታለች። ሲመለሱ አባቷ መንገድ ላይ ቆመው አስማሏት።

«ለነጎድጓድ ከነገርሽው አባት የለኝም በይ። ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ያደረ ሰው በመጨረሻ ደነቆረ ተብዬ የእሱ መቀለጃ አልሆንም።»

«እሱ እኮ አይቀልድብህም አባዬ።»

«እሱ በእናቱም ይቀልዳል።»

ማለች። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው በግራቸው ግድግዳ አስጠግተው ነው የሚቀመጡት፤ ሰው ሁሉ በቀኛቸው እንዲሆን። እሷም ሰው በተሳሳተ ጎን ሲያናግራቸው ቶሎ ብላ፣ «አባዬ፣ ይኼን እኮ ነው የሚልህ» እያለች ስትሸፍን ከረመች።

«ትንሿን ብትጠግናት አይሻልም?» አለች አሁን፣ ድምጿ እንዳይታወቅባት እየተጠነቀቀች።

«ትንሿን?» ሳቀ ነጎድጓድ። «እሷን ከምጠግን ፋኖስ ባበራ ይሻላል። አንቺ ሴትዮ፣ ስጦታ አምጥቼ ታሳፍሪኛለሽ?»

«ተዪው፣ ይሰካው» አሉ አባቷ። «ነጎድጓዱ ሲያጓራ እንስማው።»

ዐይን ዐይናቸውን አየቻቸው። አይተዋታል፤ ግን እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን ወደ ጡሩምባው መለሱ። ኩራታቸው ሲነሳባቸው እንዲህ ናቸው። ነገሩን ለማስቀረት አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር፤ ያቺ ቃል ግን የእሳቸው ናት፣ እሷ ልትናገራት አትችልም።

ነጎድጓድ አምፑን በቀኝ በኩል ካለው ጡሩምባ ጋር ብቻ አገናኘ። ሽማግሌው ሲፈትኑ አንድ በአንድ ነው። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በጡሩምባው ጀርባ ማሰሪያ ላይ ሲያጠብቅ አባቷ እንደ ድሮው ትእዛዝ ሰጡ፦

«ከበራ በኋላ ማንም ሽቦ እንዳይነካ! ጭነቱ፣ ጡሩምባው፣ የተነቀለበት አምፕ ራሱን ይበላል።»

ይህን ትእዛዝ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ኖራለች። በዚህ ቤት ያንን ሽቦ መንካትና ምድጃ ውስጥ እጅ መክተት እኩል ነበሩ።

ነጎድጓድ ማብሪያውን ተጫነ። ወዲያው ከጡሩምባው አፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ፣ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?» ነጎድጓድ ግራ ገባው። «አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

«ሲል ነው የኖረው» አሉ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው። «ያንተ ሳጥኖች ደንቆሮ ስለሆኑ አይሰሙትም። ይቺ ግን ትንፋሹን ሳይቀር ትናገርበታለች።»

ደንቆሮ የምትለው ቃል ከአፋቸው ስትወጣ ልጅቷ ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችው። እሳቸው የጡሩምባውን ከንፈር በሁለት እጃቸው ያዙና ጎንበስ ብለው ጭንቅላታቸውን አስገቡ። ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ጉሮሮው ሰጡት።

ልጅቷ ከበሩ መጥታ ከአጠገባቸው፣ በጡሩምባው ጀርባ በኩል ቆመች። ደህናው ጆሮ ጡሩምባው ውስጥ ነው፣ ወደ ሳሎኑ የቀረው የሞተው ነው። አሁን እሳቸውን መጥራት ግድግዳ መጥራት ነው።

«እንዴት ነው አባባ?» ጮኸ ነጎድጓድ ከጠረጴዛው ማዶ። «ይኸው፣ ድምፁን ብጨምረውም ሽሽሽ ማለቱ አይጨምርም! ይስሙት!» አለና ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። እውነቱን ነበር፤ ካፊያው እዚያው ነው፣ ምንም የሚጫወት ነገር የለማ። ቁልፉ ጥግ ድረስ ዞሮ፣ አምፑ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ አድፍጦ ተቀመጠ።

«ኧረ ማጫወቻው አልተሰካም ለካ» አለ ነጎድጓድ ለራሱ። ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን የሙዚቃ ማጫወቻ ገመድ አነሳ።

ልጅቷ ክው አለች። ይህን እጅ በደንብ ታውቀዋለች። አዳራሽ ሲሠሩ አብራው ሄዳ አይታዋለች። እነ ነጎድጓድ አምፕ አጥፍተው ገመድ አይሰኩም፤ ጊዜ የላቸውም። እንደበራ ይሰኩታል፣ ሳጥኖቹ «ጓ!» ይላሉ፣ ከወዲያ ያለው ሠራተኛ ይሳደባል፣ እነሱ ይስቃሉ፣ አለቀ። በዚያ ሁሉ ሳጥን ፊት ያቺ ጓታ ምንም አይደለችም። እዚህ ግን ቁልፉ ጥግ ላይ ነው፣ ጡሩምባው ሹክታን ጩኸት የሚያደርግ ነው፣ ጉሮሮው ላይ ደግሞ የአባቷ አንዲት ጆሮ አለች።

«ቆይ!» ልትል አፏን ከፈተች። ከጉሮሮዋ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ነጎድጓድ የገመዱን ጫፍ ወደ ቀዳዳው እያስጠጋ ነበር፤ ለራሱ እያፏጨ። አባቷን ስባ ልታወጣቸው አሰበች። የጡሩምባውን ከንፈር የያዙበት እጅ ጠንካራ ነው፤ ቢለቁም ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ወደ ጠረጴዛው ልትሮጥ አሰበች። ጠረጴዛው ሩቅ ነው።

ዐይኗ ሽቦው ላይ አረፈ።

መቼ እጇን እንደሰደደች አታውቀውም። ሁለቱንም ሽቦዎች በአንድ ጭብጥ ይዛ ከማሰሪያው መንጭቃ ነቀለቻቸው። በዚያችው ቅጽበት ነጎድጓድ ሰካ። ራቁታቸውን የቀሩት ጫፎች እጇ ውስጥ ተነካኩ፤ ብልጭ አሉ፤ መዳፏን ንዝረት መታው። አምፑ ውስጥ አንድ ነገር «ጧ» ብሎ ተሰነጠቀና ከክዳኑ ቀዳዳዎች ጥቁር ጭስ ወጣ። ጡሩምባው ምንም አላለም። ካፊያውም ጠፋ።

ነጎድጓድ በቁሙ ደረቀ። ጭሱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እጇ ላይ ያለውን ሽቦ አየ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። በሕይወቱ ቃል ያጣበት ቀን ቢኖር ይህ ነው።

ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ቀስ ብለው አወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ቅድም ካፊያ ይወርድበት የነበረው ጆሮ ድንገት ባዶ ሆኖባቸዋል። ፊት ለፊታቸው አፉን ከፍቶ የሚያያቸው አማች አለ፤ ከአፉ ግን ምንም አይወጣም። ልጃቸው ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል፤ ከእሷም ምንም የለም። ከጠረጴዛው የሚወጣው ጭስ እንኳ ድምፅ የለውም።

«ተናገሩ» አሉ። የራሳቸውን ድምፅ በአጥንታቸው ሰሙት፤ ያ ደግሞ ምንም ማለት አይደለም፣ በሞተውም ጆሮ እንደዚያው ይሰማቸዋል። «ተናገሩ እንጂ! ኧረ አንድ ሰው ይናገር!»

ልጅቷ ታገለች። እንባዋ መጣ እንጂ ቃል አልመጣም።

ሽማግሌው ቀኝ ጆሯቸውን ነኩ። «በዚህ በኩል» አሉ፤ ድምፃቸው የሕፃን ሆነ። «በዚህ በኩል ንገሩኝ። ያኛው ከሞተ ቆይቷል። ይቺው ነበረች የቀረችኝ...»

ነጎድጓድ ሚስቱን አየ። እሷ ዐይኗን ሰበረች። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ገመድ አየ፣ ጥግ ድረስ የዞረውን ቁልፍ አየ፣ የጡሩምባውን አፍ አየ። ሊያደርገው የነበረው ነገር አሁን ገና ሲገባው ላብ አጠመቀው። ወንበሩን ገፍቶ መጣና በቀኛቸው ተንበረከከ።

«አባባ፣ ይሰማዎታል?» አለ በሹክታ።

የሽማግሌው ዐይን ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አባባ!» አለ ነጎድጓድ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ስለ ፈጣሪ፣ ይሰማዎታል?»

«አሁን ሰማሁህ» አሉ ሽማግሌው፤ ዱካው ላይ ተቀመጡ። «ቅድም ምን ያንሾካሹክሃል? ሰው የምታስደነብር ሰውዬ፣ ዛሬ ነው ጨዋ መሆን ያማረህ?»

ማንም አልሳቀም።

«ጆሮዎን ልገድላት ነበር» አለ ነጎድጓድ። «በገዛ እጄ። ማን ነገረኝ? እንዴት ማንም አይነግረኝም?»

«እሷን አትያት» አሉ ሽማግሌው ቶሎ ብለው። «አስምያት ነው። ለአንተ እንዳትነግር።»

«ለእኔ? ለምን?»

«ትስቅብኛለህ ብዬ» አሉ ሽማግሌው።

ነጎድጓድ እንዳይስቅ ሳይሆን እንዳያለቅስ ፊቱን አዞረ። «አሁን ስቄ ነው የሚያዩኝ?» አለ ቆይቶ።

«አይደለም» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው በቀኛቸው ያለውን ዱካ መታ መታ አደረጉለት። «ተነስ፣ እዚህ ተቀመጥ። እኔም ካሁን በኋላ አላስመስልም፤ ደክሞኛል።»

ሊቀመጥ ሲል ዐይናቸው ልጃቸው ላይ አረፈ። ከጡሩምባው ጀርባ እንደቆመች ናት፤ ሽቦዎቹን ደረቷ ላይ ይዛ። የእጇ አንጓዎች ነጥተዋል።

«ልቀቂው እናቴ» አሏት። «አምፑ ሞቷል እኮ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ከግድግዳው ይነቀል» አለች፤ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። «መጀመሪያ ከግድግዳው ይነቀል።»

ነጎድጓድ ሄዶ ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለና እንድታየው ከፍ አድርጎ ያዘው።

አየችው። እጇ ግን አልፈታም አላት።