የስታቲስቲክስ ፈተና ሰሞን

ወለተሥላሴ ድሮም ከገዛ ጥላዋ የምትጣላ ሴት ናት። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት እንደ አባት ኑዛዜ ይዛዋለች። የፈተናው ሰሞን ግን ስንጥሩ በዛባት።

ማክሰኞ የፖስታ ቤቱ ቴሌግራም አዳይ ከጎረቤቷ ከለተማርያም ደጅ ሲወጣ አየችው። ወዲያው ለተማርያም መጣችና «የኛ ሬድዮ ተበላሽቷል፤ ያንቺን እስከ እሑድ አውሺኝ» አለቻት። ሰጠቻት። በማግስቱ ወንፊት ልትዋስ ብትገባ፣ ሬድዮዋ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ተቀምጧል። የማይሰሙትን ሬድዮ ምን ሊያደርጉት ወሰዱት?

ቅናት ነው፣ አለች በሆዷ። አዲስ አበባ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለች ነበር ትዳር ብላ ትምህርቷን የተወችው። ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ሐረር በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ራሷ ፊደል ካስቆጠረቻቸው ጎረምሶች ጋር ወንበር ስትጋፋ ከረመች። ለዲግሪው የቀራት የቅዳሜው የስታቲስቲክስ ፈተና ብቻ ነው። የተፈቀደላት ዘመን ስላለቀ፣ ከቀረች ሁሉም ነገር ያበቃል። ለተማርያም ደግሞ «በዚህ ዕድሜሽ ዲግሪውን ልትቀበሪበት ነው?» እያለች ስታሾፍባት ኖራለች። «በርቺ፣ ጨርሺው» የሚላት አሥመራ ያለው ወንድሟ ለገሠ ብቻ ነው። የዚህ ወር ደብዳቤው ዘግይቷል፤ እሱንም ለተማርያም እንደ ደበቀችው አልተጠራጠረችም።

ሐሙስ ሸዋ በር ገበያ ወረደች። ቅመም ነጋዴዋ አይሻ ከሴቶች ጋር ስታወራ ነበር፤ ሲያዩዋት ጸጥ አሉ። አይሻ በርበሬውን ቆልላ ሰጠቻትና ዐይኗን ሰበረች።

«ወላሂ ዛሬ ካንቺ አልቀበልም። አላህ ያግዝሽ፣ እህቴ።»

ቅመም በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ ሐረር ውስጥ ገና አልተፈጠረም! ዓርብ ወለተሥላሴ ሄዳ ለተማርያም ፊት ቆመች።

«ከፈተናዬ ልታስቀሩኝ ነው የምትዶልቱት?»

ለተማርያም መሬት መሬት አየች። «ሂጂ አጥኚ» አለቻት ብቻ። ቆይታ ሽሮ በሳህን ላከችላት። ወለተሥላሴ ሽሮውን ለድመት ሰጥታ ጠበቀች። ድመቷ ከንፈሯን ልሳ ተኛች፤ ይህም አናደዳት።

ቅዳሜ ጎረቤት ሳያያት በፈረስ መጋላ አደባባይ በኩል ዞራ ወደ ፈተናው ሄደች። ጥያቄዎቹን አንድ ሳታስቀር ሠራች። ማታ በሯን ቀርቅራ «አሸነፍኳቸው!» እያለች ለብቻዋ ሳቀች፤ እንዲህ ደስ ካላት ስንት ዘመኗ!

እሑድ ገና ሳይነጋጋ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ አይሻም ከኋላ ቆማለች። የእድሩ ዳኛ አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ወለተሥላሴ ልጄ፣ ወንድምሽ ለገሠ ዐርፏል። ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ቀበሩት።»

ረቡዕ እሷ ወንፊት ፍለጋ ገብታ፣ ሬድዮው መርዶውን እንዳይነግራት የተደበቀበትን አልጋ ሥር ስታይ ነበር። ጮኸች። ለተማርያም ልትይዛት ስትቀርብ ደረቷን በቡጢ መታቻት፤ ደገመቻት። ለተማርያም አልሸሸችም።

«አምስት ቀን! ወንድሜን አምስት ቀን ደበቅሽኝ!»

«ብነግርሽ ለፈተናው ትቀመጪ ነበር?» አለቻት ለተማርያም እያለቀሰች።

ወለተሥላሴ እንደማትቀመጥ ታውቀዋለች። ያንገበገባትም እሱው ነው፤ የመታችውን ደረት አቅፋ አለቀሰች።