አርባ አንድ ሰው የገዛው ስም

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ከተገኘች የዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ይሰንቀር። እኔ ደግሞ የፖርትጋርቪ ዓሣ ገበያ አጫራች ነኝ፤ በሳምንት ስድስት ቀን ምሳዬ ዓሣ ነው። ስለዚህ መሐላው የዋዛ አይደለም።

"ግሬጎር ጎል ያግባ" አለ ሥጋ ሻጩ ማንሰን፣ በባንኮኒው ላይ ወደ ኢሽቤል ሬኒ ጎንበስ ብሎ። "አንዲት ጎል ብቻ። አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ስንጫወት ኳሷ ከእግሩ ወጥታ መረብ ስትነካ አላየሁም። ሁሌ ወደ ባሕሩ ነው። አሥር ፓውንድ አዋጥቻለሁ እኮ! ለአሥር ፓውንድ አንዲት ጎል ትበዛለች?"

"ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ" አለች ኢሽቤል።

"እሺ። ጎሏስ?"

"ስብ አይብዛበት።"

ማንሰን መዘነላት። ከኋላዋ አራት ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ሥጋ ፈልጎ የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ሦስቱ እሷን ነው የሚጠብቁት። የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ ቀድማ ክንዷን ያዘቻት፤ ግሬጎር በታሪኩ ውስጥ የተዋሰውን መጽሐፍ ሲመልስ እንዲታይ ትፈልጋለች፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ቄሱ ደግሞ "ቢያንስ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይምጣ፤ የማስገባቱን ነገር ለኔ ተዪው" አሉ። ሦስተኛው ቀለም ቀቢው ነው።

"መሰላሌን ይመልስልኝ" አላት። "በታሪኩ ማለቴ ነው። ከእውነተኛው ተስፋ ቆርጫለሁ።"

ኢሽቤል ለእያንዳንዳቸው "እሺ" አለች፣ የአውቶቡስ ትኬት እንደሚቆርጥ ሰው። ሥጋዋን ይዛ ወጣች። ሐሙስ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። ታሪኩ ጋዜጣው ቢሮ መድረስ ያለበት ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ እሷ ግን የግሬጎርን ስም ገና አንድ ጊዜም አልጻፈችም።

ግሬጎር ባሏ ነበር። ከሞተ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል።

እዚህ እንዴት እንደደረስን እኔ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነውና።

ኢሽቤል ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ልጆቹን አውርዳ ተመልሳ እስክትጭናቸው ባለው ጊዜ፣ መሪው ላይ ደብተር አስደግፋ ታሪክ ትጽፍ ነበር። የከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ያትምላታል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሰብስባ በትንሽ መጽሐፍ ታወጣቸውና በየአዳራሹ እያነበበች ትሸጣለች። ከሽያጩ አንዲት ሳንቲም ቤቷ አትገባም፤ ሁሉም ለሌሊት አስታማሚዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የኛው የከተማው ነው። አንድ ሰው እቤቱ ሊሞት ሲቃረብ፣ ሲመሽ አንዲት አስታማሚ ይልካል፤ እሷ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ቤተሰቡ ይተኛል። ሥራው ይኸው ነው። ለግሬጎርም አሥራ አንድ ሌሊት ተቀምጠውለታል።

እሱ ከሞተ በኋላ ኢሽቤል ምንም አላቋረጠችም። ታነባለች፣ ትፈርማለች፣ ትሸጣለች። ሰው ሲስቅ እስኪጨርስ ቆማ ትጠብቃለች፤ ሲያጨበጭብ መነጽሯን ትወለውላለች። እጃችሁን ተንተርሳችሁ ተኝታችሁ ስትነሡ እንዴት ነው? ጣቶቹ የናንተው ናቸው፣ ብትነክሷቸው ግን የሌላ ሰው ናቸው። እሷ ሁለመናዋ እንደዚያ ሆነ። አንድ ቀን "እንዴት ነሽ?" ብላት፣ ትንሽ አሰበችና "ደኅና መሆን አለብኝ፤ የሚያመኝ ነገር የለም" አለችኝ።

በየዓመቱ በጥቅምት ለማኅበሩ ጨረታ እናደርጋለን። አንዱ አንድ ጭነት ማገዶ ይሰጣል፣ አንዷ ኬክ፣ ፀጉር አስተካካዩ የአንድ ዓመት ፀጉር መቁረጥ። ኢሽቤል የምትሰጠው ስም ነው፤ ያሸነፈው ሰው የፈለገውን ስም ይነግራታል፣ እሷም በሚቀጥለው ታሪኳ ውስጥ ታስገባዋለች። አምና ዳቦ ጋጋሪው አሸንፎ የአማቱን ስም ሰጠና የዶሮ ሌባ አስደረጋት። አማቲቱ ጋዜጣውን በመስታወት አስገጥማ ሳሎኗ ሰቅላዋለች።

ዘንድሮ መጠጥ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ "እናዋጣና የግሬጎርን ስም እንግዛላት" ያልኩት እኔ ነኝ። አንዱ አፍንጫውን ጠረገ። ከዚያ ባርኔጣ ዞረ። አርባ አንድ ሰው አዋጣ። በኛ ከተማ አርባ አንድ ሰው በአንድ ነገር ተስማምቶ አያውቅም፤ ድልድዩ የት ይሠራ በሚለው ስንከራከር ስልሳ ዓመት ሞልቶን እስካሁን በጀልባ ነው የምንሻገረው።

መዶሻዬን መትቼ ስሙን ከወረቀቱ ሳነብ አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ደስ ይላታል ብለን ነው። እሷ ከሾርባዋ ቀና አለችና "ግሬጎር ሬኒ። ተመዝግቧል" አለች፤ ማንኪያዋን መልሳ አነሣች።

በማግስቱ ጣጣው ጀመረ። አርባ አንዱም ባለ ድርሻ ነኝ አለ።

ሌላም ጥፋት አለብኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሠዓሊ በዚሁ ጨረታ "የውሻችሁን ሥዕል እሥላለሁ" ብሎ፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ጠፋ፤ ውሻውም ሲጠብቅ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ቃል የተገባው ነገር ሳይፈጸም ገንዘቡ ለማኅበሩ እንዳይለቀቅ ሕግ አወጣሁ። በሕጌም ስኮራ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ ግን የማኅበሩ ካዝና ባዶ ነበር። የኢሽቤል ታሪክ አርብ ካልታተመ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የምትላክ አስታማሚ የለችም።

እናም በዚያ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቷ ሄድኩ። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣለች። በመስኮቱ በኩል ንፋሱ የጎረቤቱን አንሶላ ከነገመዱ ሊወስድ ሲታገል ይታያል።

"የት ደረስሽ?" አልኳት።

"ሁለተኛው ገጽ። ሴትየዋ አለች፣ አዳራሹ አለ፣ ዝናብ አለ። እሱ ነው የሌለው።"

"አስገቢዋ!"

"ስሙ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።"

"ያምሻል?"

"አያመኝም፣ አልለቅስም። ይቆማል፣ በቃ። ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና።"

"እንግዲያው ሌላ ስም አድርጊ። የኔን አድርጊ፤ በነጻ ነው።"

"አንተ በነጻም ውድ ነህ" አለችኝ ሳትስቅ፤ ሦስት ወረቀት ወደኔ ገፋች። "ይኸው ትእዛዛችሁ።"

ሦስቱም ሙሉ ናቸው፣ በሁለት ወገን የተጻፉ። የኬክ ቤቷ ባለቤት ግሬጎር ከሷ ጋር እንዲደንስ ሃያ ፓውንድ ጨምራለች። የገዛ እኅቱ ስለ ድንበሩ ግንብ ይቅርታ እንዲጠይቃት ትፈልጋለች፣ "ጮክ ብሎ" ብላ ከሥሩ አስምራበታለች።

"ግሬጎር ሊደንስ?" አልኩ።

"እኔም እንደዚያው ነው ያልኳት። አንተስ? ያንተን አልጻፍክም።"

አፈርኩ። "በቀልዴ ይሳቅ" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ያን በሕይወቱም አላደረገው።"

በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳና ዊልማ ታሎክ ገባች። አራት ቤት አልፎ ጎረቤት ናት። ባሏ ማግነስ አርባ ዓመት የጀልባዎቻችንን ሞተር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ ከበጋ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሣም፤ ሐኪሙ አሁን በወር ሳይሆን በሳምንት ነው የሚቆጥርለት። ዊልማ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። በእጇ ባዶ ሳህን ይዛለች።

"የማግነስ እኅት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቀመጥልኛለች። ሳህንሽን ልመልስ ብዬ ነው" አለች።

"ተቀመጪ እንጂ፣ ዊልማ።"

"አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ አልነሣም" አለችና ተቀመጠች።

"ሌሊት ማን አለ?" አለች ኢሽቤል።

"እኔ። ሌላ ማን ሊኖር ነው? ቅዳሜ ሰው እንልክልሻለን ብለውኛል፣ ገንዘቡ ከመጣ።" ይህን ስትል እኔ ጣሪያውን አያለሁ። "ትናንት ምድጃው ጋ እንደቆምኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጭሱ ነው የቀሰቀሰኝ። ድስቱ ከሰል ሆኖልሻል። ማግነስ ከውስጥ 'ዛሬ ሞተር አቃጠልሽ እንዴ?' እያለ ይስቅብኛል፣ በዚያ በተረፈው ትንፋሹ።"

ኢሽቤል አየቻት። ብዙ አየቻት።

"አንቺም አዋጥተሽ ነበር" አለቻት። "ግሬጎር ምን ያድርግልሽ?"

"የት?"

"በታሪኩ።"

ዊልማ ግንባሯን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች። "ምንም" አለች። "ምንም አያድርግ። ቁጭ ይበል። ሰው እንዲሁ ቁጭ ሲል... አንቺ ሌላ ክፍል ሆነሽ፣ እሱ ግን እዚያ እንዳለ እያወቅሽ..."

ንግግሩ አላለቀም። ጉንጯ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ወዲያው ደግሞ ማንኮራፋት ጀመረች፣ ማግነስ ራሱ ቢሰማው መፍቻውን ይዞ ይነሣ ነበር።

ሶፋው ላይ ላጋድማት ብዬ ብድግ ስል ኢሽቤል "ተዋት" አለችኝ። ብርሃኑ የዊልማ ዓይን ላይ እንዳያርፍ ኮምፒውተሩን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አስቀመጠች። ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አሁን የምለውን የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አያምነኝም፦ ሁለት ሰዓት ያህል አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። ሴትየዋ አዳራሽ ውስጥ ቆማ ለሰው ታሪክ ታነባለች። ውጭ ይዘንባል። ከበሩ ፊት ለፊት አንዲት አሮጌ መኪና ቆማለች፣ በውስጧም ግሬጎር ሬኒ የሚባል ሰው ተቀምጧል። ማሞቂያውን አብርቷል። ሬዲዮው ዝቅ ብሎ ያወራል። ሰውየው ከረሜላ ከወረቀቱ ይፈታል፣ በዝናቡ ውስጥ የበራውን መስኮት አሻግሮ ያያል። አለቀ።

እውነትም እንደዚያ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባነበበችበት ሁሉ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል እንጂ አንድም ቀን ገብቶ አልሰማትም። ለምን ስንለው "እኔን ካየች ትሳሳታለች" ይለን ነበር።

"ጎሉስ?" አልኩ በሹክሹክታ፣ ዊልማን ላለመቀስቀስ።

"የለም።"

"ቤተ ክርስቲያኑ?"

"የለም።"

"መሰላሉን እንኳ?"

"መኪናው ጣሪያ ላይ ታስሯል። አልፈኸዋል፣ ከላይ አራተኛው መስመር።"

ተመልሼ አየሁት፤ አለ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። "አላለቀም እኮ፣ ኢሽቤል። እሷ ታነባለች፣ እሱ ተቀምጧል። አትወጣም እንዴ?"

"ወጥታ ነበር። በሩን ከፍታ ከጎኑ ስትቀመጥ ጽፌዋለሁ። አጠፋሁት።"

"ለምን?"

"ከወጣች ይነዳል" አለች። "ከነዳ ቤት ይደርሳሉ።"

በሕይወቴ ስንት ሺህ ሣጥን ዓሣ በአፌ ብቻ የሸጥኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ኮምፒውተሩን ብቻ መልሼ ወደሷ አዞርኩላት።

አሥራ አንድ ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ላከችው። ቁልፉን ስትጫን አንዲት እንባ በጉንጯ ወርዳ የእጇ ጀርባ ላይ ጠብ አለች። ጠረገቻት፣ ተነሣች፣ ካፖርቷን ከበሩ ጀርባ አወረደች።

"ዊልማን ልቀስቅሳት?" አልኩ። "የማግነስ እኅት ልትሄድ ነው።"

"እንዳትነካት" አለችኝ የካፖርቷን ቁልፎች እየቆለፈች። "ዛሬ እኔ እቀመጣለሁ።"

በመስኮቱ ሳያት አንገቷን ለንፋሱ ሰብራ አራቱን ቤት አልፋ ስትሄድ ነበር። አላንኳኳችም፤ ከፍታ ገባች።

እንግዲህ መሐላ መሐላ ነው፣ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ሁሉም እንዳልኳችሁ ነው፤ ባርኔጣውም፣ ሠዓሊውም፣ ሁለት ሰዓት ዝም ማለቴም። እንባዋን ግን የጨመርኳት እኔ ነኝ። አላለቀሰችም። ዓይኗ ደረቅ ነበር፣ ጠዋት ሥጋ ስትገዛ እንደነበረው። ያለ እንባ ከጻፍኩት ማንም አያምነኝም ብዬ ነው።